የጅማ አፈር ጣሳ ውስጥ ሲገባ፦ በአንድ ክረምት የበሰበሱ ሰኩለንቶች ጉዳይ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው፤ ጅማ ዝናቡ ቀንም ሌትም የማይታክትበት ጊዜ። ጎረቤቴ እትዬ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «ልጄ፣ እስቲ ብቅ በል፤ ልጆቼ አለቁብኝ» አሉኝ። ልጆቼ የሚሉት ተክሎቻቸውን ነው። ድምፃቸው ግን የምር ሐዘን ነበረበት።

እትዬ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ስለሚላቸው እኔም እዚህ እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። ግቢያቸው ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረ፣ ጄድ የሚባል ትልቅ ሰኩለንት (ውሃ በቅጠሉና በግንዱ የሚያጠራቅም ተክል) አለ፤ ግንዱ እንደ ክንድ የወፈረ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ። ከሥሩ ጽጌረዳ የመሰሉ ኤቸቬሪያዎች በየአሮጌ ድስቱና በየባልዲው ሞልተዋል። እንግዳ ሲመጣ ቆርጠው ይሰጣሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በቲማቲም ድልህ ጣሳ እየተከሉ መሸጥ ጀምረዋል። ለጡረታ ደሞዛቸው ትንሽ ድጎማ ይሆናቸዋል።

ሰኔ ላይ አዲስ ካፌ ሊከፍት የሚዘጋጅ ሰው መጥቶ 40 ጣሳ አዘዛቸው። ለየጠረጴዛው አንድ አንድ ተክል ፈልጎ ነው። የሚረከበው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ቀብድም ሰጥቷቸዋል። እትዬ ለመጠባበቂያ ብለው 52 የጄድ ቁራጭ ተከሉ። እኔ በሄድኩበት ቀን በሕይወት የነበሩት 7 ብቻ ናቸው።

ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ብዙ ሰው ተመሳሳይ ነገር ስለሚደርስበት ነው። «ሰኩለንት በምን አፈር ልትከል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ ጥቁር፣ ለም፣ ፍግ የጠገበ አፈር። እትዬም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ጣሳዎቹን ስንፈትሽ

ጣሳዎቹ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ባይመታቸውም ፍንጣሪው ይደርሳቸዋል። አንዱን ቁራጭ ይዤ ሳብ ሳደርገው ምንም ሳይታገል ወጣ። ታችኛው ጫፍ ጠቁሯል። በጣት ሲጫኑት እንደ በሰለ ሙዝ ይሟሽሻል። ሽታው የቆየ የረጋ ውሃ ሽታ ነው። ከላይ ያሉት ቅጠሎች ግን ገና አረንጓዴ ናቸው።

ሰውን የሚያዘናጋው ይህ ነው። ሰኩለንት ውሃውን ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ ስለሚያጠራቅም ከታች ሞቶ ከላይ ለሳምንታት ደህና ይመስላል። ቅጠሉ መጨማደድ ሲጀምር ባለቤቱ «ጠማው» ይልና ውሃ ይጨምርለታል። እትዬም ይህን አድርገዋል።

እንዴት እንደተከሉ ጠየቅኳቸው። አስተማሪ ናቸውና አንድም ነገር ሳይዘሉ ነገሩኝ። አፈሩ ከጫካ ዳር የመጣ ጥቁር አፈር ነው። ከቡና መፈልፈያ ያስመጡትን ገለባ ከሱ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለዋል። ገለባው ተከምሮ የቆየው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ከጣሳው ታች፣ ውሃ እንዲያሳልፍ ብለው፣ ሁለት ጣት የሚያህል ጠጠር አንጥፈዋል። ጣሳው በሚስማር አንድ ቦታ ተበስቷል። ቁራጩን ከጄዱ ላይ ቆርጠው በዚያው ቀን ተክለዋል። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ውሃ አጠጥተዋል።

«ታዲያ ምኑ ጋ ነው ያጠፋሁት?» አሉኝ። «ይህ አፈር እኮ የቡና ችግኝ የሚያሳድግ አፈር ነው። ከዚህ የተሻለ ከየት ላምጣላቸው?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ጅማ ያደገ ሰው አፈሩን ቢያከብር አይፈረድበትም። እኔም ወዲያው የምመልሰው አልነበረኝም። መልሱን የነገረን ግቢው ራሱ ነው።

የከሰሉ ጥግ

ከማዕድ ቤቱ ጎን የከሰል ጆንያ የሚቀመጥበት ጥግ አለ። ዓመት በዓመት የከሰል ፍርፋሪ፣ የጀበና ስባሪና የጡብ ቁርጥራጭ ተጠራቅሞበታል። ጣሪያው እዚያ ጋ ወጣ ያለ ስለሆነ ዝናብ አያገኘውም። የጠዋት ብርሃን ግን ይደርሰዋል። እትዬ ሰኔ ላይ ጄዱን ሲቆርጡ የረገፉትን ቅጠሎችና ጥቂት የተሰበሩ ቅርንጫፎች ጠርገው ወደዚያ ጥለዋቸው ነበር።

ባዶ ጣሳ ላነሳ ጎንበስ ስል ቅጠሎቹን አየኋቸው። አልበሰበሱም። አንዱን ሳነሳው ከግርጌው እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ ሥሮች ተንጠልጥለዋል። ሌላኛው ከሥሩ በተጨማሪ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሁለት ቡቃያዎች አውጥቷል። ከተሰበሩት ቅርንጫፎች አንዱ ደግሞ የጀበና ስባሪ በሥሩ አቅፎ ይዟል። ላላቅቀው ብሞክር እንቢ አለኝ።

እትዬ ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ማንም ያልተከለው በቀለ፤ እኔ የተንከባከብኩት በሰበሰ» አሉ።

ቀጥለውም አንድ ነገር አስታወሱ። አባታቸው ገጠር የቁልቋል አጥር ሲያጥሩ ቅርንጫፉን ቆርጠው ጥላ ሥር ይጥሉት ነበር። ወተቱ እስኪደርቅና ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ አይነኩትም። ከዚያ ድንጋያማ ቦታ ላይ ይሰኩታል። ውሃ የሚባል አያጠጡትም። «ይህን እያወቅሁ እንዴት ለጄዱ ረሳሁት?» አሉ። እንዴት እንደሆነ ይገባኛል። ቁልቋሉ የአጥር ነገር ነው፤ ጄዱ የሚወዱት ነው። የምንወደውን ደግሞ ማብላትና ማጠጣት ይቀናናል።

አፈሩ መሬት ላይ እያለና ጣሳ ሲገባ

የጅማ አካባቢ አፈር በአብዛኛው የአፈር ባለሙያዎች ኒቲሶል የሚሉት ጥልቅ ቀይ አፈር ነው። ሸክላነቱ ከፍተኛ ነው። ግን ለውዝ በሚያካክሉ ፍርፋሪዎች የተደራጀ ስለሆነ በፍርፋሪዎቹ መሀል ውሃም አየርም ይመላለሳል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ሲወርድበት ውሃው ወደ ታች ሰርጎ ለመሄድ ብዙ ሜትር ጥልቀት አለው። ከላይ የዛፍ ቅጠል ወድቆ ሲበሰብስ ጥቁር ይሆናል። ቡና የሚወደው ይህን ነው።

አሁን ይህን አፈር በአካፋ ቆፍሩት። ፍርፋሪውን አድቅቁት። ነፍታችሁ ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቁት። ለውዝ የሚያካክለው ፍርፋሪ ጠፋ፤ አየር የሚገባበት መንገድም አብሮ ጠፋ። ብዙ ሜትር የነበረው ጥልቀት 12 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የአፈሩ ዘር ያው ነው፤ ሥራው ግን በፍጹም ያው አይደለም።

ቁመቱ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ለእትዬ በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አሳየኋቸው። ስፖንጁን ውሃ ውስጥ ነክሬ በጀርባው አግድሜ ያዝኩት። ጥቂት ተንጠባጠበና ቆመ። ከዚያ ሳልጨምቀው በቁሙ አቆምኩት። እንደገና ውሃ ወረደ። ስፖንጁ ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። ደቃቅ አፈርም እንደ ስፖንጅ ነው። ውሃውን ስቦ ይይዛል፤ ከታች ያለው ክፍል ቀዳዳ ቢኖረውም ጨቅይቶ ይቀራል። ይህ የጨቀየ ክፍል ከፍታው የሚወሰነው በአፈሩ ደቃቅነት ነው። አፈሩ በደቀቀ ቁጥር ከፍ ይላል። በአጭር ጣሳ ውስጥ ቁራጩ እስከተሰካበት ድረስ ሊደርስ ይችላል።

ጠጠሩም የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው። ከታች ጠጠር ማንጠፍ ውሃ ያሳልፋል ብሎ የማያምን ሰው አላጋጠመኝም። እኔም ድሮ አደርገው ነበር። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ደቃቁ አፈር ሙሉ በሙሉ ካልጠገበ በቀር ውሃውን ለጠጠሩ አያወርድም። ስለዚህ የጨቀየው ክፍል ከጣሳው ታች ተነስቶ ከጠጠሩ በላይ ይቀመጣል። ሁለት ጣት ጠጠር ማለት ጭቃውን ሁለት ጣት ወደ ቁራጩ ማቅረብ ማለት ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ አንዱን ጣሳ ገልብጠው በቢላ ለሁለት ከፈሉት። ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ጠጠሩ ራሱ ግን ደረቅ ማለት ይቻላል።

ቁራጭ ገና ተክል አይደለም

ሥር ያለው ተክል ይጠጣል፤ ይመገባል። ቁራጭ ግን ሥር የለውም። ከአፈሩ ምግብ መውሰድ አይችልም፤ ውሃም ቢሆን በወጉ አይወስድም። እስከዚያ የሚኖረው ቅጠሉ ውስጥ ባጠራቀመው ነው። ከአካባቢው የሚፈልገው ጥቂት እርጥበት፣ ሙቀትና ከሁሉ በላይ አየር ነው። አዲስ ሥር የሚሠሩት ሕዋሳት ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። አፈሩ ውሃ ሲሞላ ኦክስጅኑ ያልቃል። ያኔ በጭቃ ውስጥ የሚመቻቸው፣ እንደ ፒቲየም ያሉ አበስባሾች ባልጠገገው ቁስል በኩል ይገባሉ።

ለዚህ ነው ለም አፈር ቁራጭን የማይጠቅመው። ምግቡን የሚበላው ሻጋታው ነው።

የትውልድ ቦታቸውን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጄድ የደቡብ አፍሪካና የሞዛምቢክ ተክል ነው፤ ደረቅ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይበቅላል። ኤቸቬሪያ በብዛት የሜክሲኮ ነው፤ ስሙን ያገኘው አታናሲዮ ኤቸቬሪያ ከተባለ የአገሩ የዕጽዋት ሠዓሊ ነው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የእኛው እንዳሁላ የነዚሁ ዘመድ ነው፤ የሚገኘው በየካቡና በየድንጋዩ ስንጥቅ ነው። እነዚህ ተክሎች የቅጠላቸውን ቀዳዳ የሚከፍቱት በአብዛኛው ሌሊት ነው። ቀን ከፍተው ውሃቸውን አያባክኑም። እንዲህ ቆጥቦ የሚኖርን ተክል በየሁለት ቀኑ ማጠጣት ከተፈጥሮው ጋር መጣላት ነው።

ስለ ገለባው ለብቻው ላውራ። ጅማ ላይ የቡና ገለባ በየመፈልፈያው ተከምሮ ስለሚገኝ ሰው ሁሉ ወደ ማዳበሪያነት ያስበዋል። ትክክል ነው፤ በደንብ ሲብላላ ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል። ግን ጥቂት ሳምንታት አይበቁትም። ጥሬው ገለባ ውስጥ ካፌይንና ታኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም የለጋ ሥርን እድገት ያዳክማሉ። በዚያ ላይ ጣሳው ውስጥ መብላላቱን ይቀጥላል። ሲብላላ ኦክስጅን ይሻማል፤ ውሃ ይይዛል፤ ቀስ በቀስም ይሰምጣል። እትዬ ጣሳውን እስከ አፉ ሞልተውት ነበር፤ እኔ ሳየው አፈሩ ሦስት ጣት ወርዷል። ብዙ ወራት ተገላብጦ የበሰለ፣ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ያለው ሲሆን ብቻ፣ ያም በጥቂቱ ብንጠቀመው ይሻላል።

ጠጠር ፍለጋ

እትዬ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። «ጄዱ አለ፤ እንደገና እንቆርጣለን» አሉ። እስከ መስቀል ሁለት ወር ገደማ ቀርቷል። ክረምት ለዚህ ሥራ የተመቸ ወቅት አይደለም። ብርሃኑ ትንሽ ነው፤ አየሩ እርጥብ ነው፤ ቀኑም ይቀዘቅዛል። ምርጫ ቢኖረን የምንቆርጠው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነበር፤ ዝናቡ ሲያቆምና ፀሐዩ ሲከፈት። ግን ቀብድ ተበልቷል።

የውጭ መጻሕፍት ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ግዙ ይላሉ። እኛ አያስፈልገንም። የሚፈለገው ነገር ባሕርይ ይታወቃል፦ መጠኑ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ የማይሟሟ፣ የማይበሰብስ፣ ውስጡ ቀዳዳ ያለው። ይህን የሚያሟላ ነገር ጅማ ውስጥ አይጠፋም።

ብሎኬት ከሚመረትበት አንድ ግቢ ሁለት ጆንያ ፑሚስ አገኘን። ፑሚስ በእሳተ ገሞራ አረፋ የሆነ ድንጋይ ነው፤ በእጅ ሲይዙት ቀላል፣ በዓይን ሲያዩት ሽንቁርቁር ያለ። በስምጥ ሸለቆ በኩል ሞልቷል። የሚመረጥበት ምክንያት አንድ ነው። በጠጠሮቹ ውስጥ ያለው ትንንሽ ቀዳዳ እርጥበት ይይዛል፤ በጠጠሮቹ መሀል ያለው ክፍተት ደግሞ አየር ይይዛል። ውሃና አየር ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ። እትዬ አንዱን ጠጠር ብርጭቆ ውሃ ላይ ጣሉት። ሲንሳፈፍ አይተው እንደ ልጅ ሳቁ።

ከራሳቸው ግቢ ደግሞ ጡብና የጀበና ስባሪ ሰበሰብን። በመዶሻ ከመምታታችን በፊት ጆንያ ውስጥ አስገባነው፤ ፍንጣሪው ዓይን እንዳይጎዳ። የተቃጠለ ሸክላ እንደ ፑሚስ ባይሆንም ቀዳዳ አለው፤ ውሃ አስገብቶ ያስወጣል። ከከሰሉ ጥግ ፍርፋሪውን ወሰድን። አመድ አልወሰድንም። አመድ ቁስል ላይ በትንሹ ቢነሰነስ ጉዳት የለውም፤ አፈር ውስጥ በብዛት ሲገባ ግን ከልክ በላይ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል፤ ውሃ ሲነካውም ይጋገራል። ከአንድ የቤት ግንባታ የተረፈ አሸዋም አገኘን።

መንፋቱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ግን የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ማንም እንዲዘለው አልመክርም። መጀመሪያ በግንበኞች የአሸዋ መንፊያ ትልልቁን አስቀረን። ከዚያ በተራ የማዕድ ቤት ወንፊት ዱቄቱን አስወጣን። የፈለግነው በሁለቱ መሀል የቀረውን ነው። ዱቄቱ ካልወጣ ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው፤ በጠጠሮቹ መሀል ገብቶ አየሩን ይደፍነዋል። ቀጥለን ውሃው ጥርት እስኪል አጠብነው። የፑሚሱን እጣቢ ውሃ ያየ ሰው ድልድይ የሰበረ ጎርፍ ይመስለዋል፤ አራተኛው ባልዲ ላይ ነው የጠራው።

ፑሚሱንና ሸክላውን የፈላ ውሃ አፈሰስንበት። ኮምፖስቱን ግን በእንፋሎት ነው ያበሰልነው። ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ጥቂት ውሃ አድርገን፣ ከላዩ ወንፊት፣ ከወንፊቱ ላይ በጨርቅ የታሰረ ኮምፖስት። መሀሉ ላይ አንድ መካከለኛ ድንች ቀበርን። በሽታ አምጪዎቹን ለመግደል 82 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ለግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቴርሞ ሜትር ለሌለው ሰው ድንቹ ይናገራል፤ ሲበስል አፈሩም በስሏል። ምጣድ ላይ መቁላት ግን ልክ አይደለም። ከልክ በላይ የሞቀ አፈር ሥር የሚጎዱ ነገሮችን ይለቅቃል፤ ቤቱንም በመጥፎ ሽታ ይሞላዋል።

አራት ዓይነት፣ አሥር አሥር

ሐምሌ 20 አርባ ቁራጭ ቆረጥን። ቁመታቸው ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ቢላው በአልኮል የተጠረገ። ታችኛዎቹን ቅጠሎች አነሳን። ከዚያ ጋዜጣ ላይ ዘርግተን መጽሐፍ መደርደሪያቸው አናት ላይ አስቀመጥናቸው። በበጋ ከ3 እስከ 7 ቀን ይበቃ ነበር። ክረምት ስለሆነ ግን እስከ ነሐሴ 1 ቆየን። ያን ቀን ቁስሉ እንደ ቡሽ ደርቆ ነጭ ሆኗል።

እትዬ አንድ ሐሳብ አመጡ። «በአንድ ዓይነት ብቻ ከተከልን ምን እንዳዳነን በምን እናውቃለን?» አሉ። የመምህርነታቸው ነገር ነው። አራት ድብልቅ አዘጋጀንና በእያንዳንዱ አሥር አሥር ተከልን። አንደኛው የድሮው አፈር ነው፤ ጥቁሩ አፈርና ገለባው፣ ምንም ሳይለወጥ። ሁለተኛው የግቢው ቀይ አፈር ከግንባታው አሸዋ ጋር እኩል ለእኩል፤ ብዙ ሰው የሚመክረው ስለሆነ ነው ያስገባነው። ሦስተኛው ሦስት እጅ ፑሚስና አንድ እጅ የተነፋ የበሰለ ኮምፖስት። አራተኛው ግማሽ የተቀጠቀጠ የተቃጠለ ሸክላ ግማሽ ከሰል፣ በእጅ ጭብጥ የሚሆን ኮምፖስት ተጨምሮበት።

ጣሳዎቹን ሁሉ ከታች አምስት ቦታ በሳናቸው። ጠጠር የሚባል አላነጠፍንም። ፑሚሱ በቀዳዳው እንዳይወጣ አንድ ቁራጭ የወባ አጎበር አደረግንበት። ቁራጩን ሁለት ጣት ያህል ብቻ ሰክተን ዙሪያውን በጠጠር ደገፍነው። ቦታቸውም ተለወጠ፤ ዝናብ ወደማያገኘው፣ የጠዋት ፀሐይ ወዳለው በረንዳ።

ከዚያ የከበደው ነገር መጣ፦ አለመንካት። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ጠብታ ውሃ አልሰጠናቸውም። እትዬ በቀን ሁለቴ እየሄዱ ያዩዋቸዋል። አንድ ማታ «ትንሽ ብረጭላቸው ምን ይላል?» ብለው ላኩብኝ። «እባክዎ እትዬ፣ አይንኩብኝ» አልኳቸው። ከአሥረኛው ቀን በኋላ በሳምንት አንዴ፣ ጣሳውን በእጅ እየመዘንን፣ የቀለለውን ብቻ በስሱ አጠጣን። የድሮው አፈር ያለባቸው ጣሳዎች ለሦስት ሳምንት ቀለል አላሉም፤ ምንም አልጨመርንባቸውም።

መስከረም 5 ሁሉንም አየን። ቁራጩን ቀስ አድርጎ ሳብ ማድረግ ነው፤ ከታገለ ሥር አለው ማለት ነው። ፑሚስ ውስጥ ከነበሩት 9 ታገሉ። ሸክላና ከሰል ውስጥ 8። የድሮው አፈር ውስጥ 4። ቀይ አፈርና አሸዋ ውስጥ 3።

ከነዚህ ቁጥሮች ሁለቱ እኔን ብዙ አሳሰቡኝ። የመጀመሪያው የድሮው አፈር ነው። ሰኔ ላይ ከ52ቱ 7 ብቻ የተረፉበት አፈር አሁን ከአሥር 4 አወጣ። አፈሩ አልተለወጠም። የተለወጠው ቁስሉ መጠገጉ፣ ከጠጠሩ መገላገሉ፣ ከፍንጣሪው መራቁና ውሃው መቆሙ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ጥፋት በአፈሩ ላይ መጫን አይቻልም። ጥሩ አፈር ሰው ሲሳሳት ይሸከማል፤ መጥፎ አፈር አንዲት ስሕተትም አይሸከምም። ልዩነቱ እሱ ነው።

ሁለተኛው የአሸዋው ነገር ነው። ሸክላ አፈር ላይ አሸዋ ብንጨምር ይለሰልሳል ብለን እናስባለን። ጣሳውን ስገለብጠው ግን እንደ ጡብ ሙሉውን ወጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደቃቁ ሸክላ በአሸዋው መሀል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል፤ ለአየር የሚተርፍ ቦታ የለም። ግንበኛ አሸዋና ሲሚንቶ የሚያቦካው ለዚሁ ነው። አሸዋ የሚጠቅመው ሻካራ ሲሆንና የድብልቁን አብዛኛውን ሲይዝ ነው። ከዚያ ያነሰ አሸዋ ሥራውን ያበላሻል።

በሸክላና ከሰሉ ላይ የወደቁት ሁለቱ የእኔ ስሕተት ናቸው። ከሰሉን ቸኩዬ በደንብ አልነፋሁትም ነበር። ዱቄቱ ከላይ ወደ ታች ታጥቦ ወርዶ ሁለት ጣሳ ላይ ቀዳዳውን ደፍኖታል። በደንብ ቢነፋ ከፑሚሱ የሚያንስ አይመስለኝም። ፑሚስ ለማያገኝ ሰው እኔ የምመክረው ይህንን ነው፤ ግቢ ውስጥ ባለ ነገር ያለ ወጪ ይሠራል።

ስለ ኤቸቬሪያ ቅጠልም ላንሳ፤ ጎን ለጎን 15 ቅጠል ሞክረን ስለነበር። ቅጠል አይተከልም። ከግንዱ ላይ ሳይቀደድ፣ ከነመሠረቱ ተነቅሎ፣ ለጥቂት ቀናት ደርቆ፣ ፑሚሱ ላይ ይተኛል። እንዲያው ይተኛል። ሬት ግን በቅጠል አይሆንም። ብዙ ሰው የሬት ቅጠል ሰክቶ ይጠብቃል፤ ቅጠሉ ይበሰብሳል እንጂ አያበቅልም። ሬት የሚባዛው ከሥሩ በሚወጡት ግልገሎች ነው።

ካፌው

ሥር ያወጡት 24 ናቸው። ከሰኔዎቹ የተረፉት 7 ሲጨመሩ 31። ከከሰሉ ጥግ ያነሳናቸው ሦስት ቅርንጫፎች ተጨመሩ፤ የጀበና ስባሪ ያቀፈውም አንዱ ነው። 34 ሆኑ። ስድስት ጎደለ።

እትዬ ለካፌው ባለቤት ደውለው እውነቱን ነገሩት። ስድስቱን ጥቅምት ላይ እንደሚያደርሱ፣ ካልፈለገ ደግሞ የስድስቱን ገንዘብ እንደሚመልሱ። ሰውየው ጥሩ ሰው ሆኖ «እማዬ፣ እጠብቃለሁ» አላቸው።

ከማስረከባችን በፊት ሥር ያወጡትን ወደ ሌላ ድብልቅ አዛወርናቸው። አሁን ምግብ ይፈልጋሉና። ግማሽ ፑሚስ፣ ግማሹ ደግሞ ጥቁሩ የጫካ አፈርና የበሰለ ኮምፖስት። እትዬ ይህን ሲያደርጉ ፊታቸው በራ። ያ የሚወዱት አፈር ቦታውን አገኘ። ካዛወርን በኋላም ለአምስት ቀን አላጠጣንም፤ በመዛወሩ የተሰበረ ሥር ካለ ይጠግግ ዘንድ።

መስከረም 20 በባጃጅ ጭነን ሄድን። እትዬ ለየጣሳው ትንሽ ወረቀት አያይዘዋል፤ በዚያ ባማረ የሰሌዳ ጽሕፈታቸው፦ «ጣሳው ሲቀልል ብቻ አጠጡኝ። መስኮት አጠገብ አስቀምጡኝ።» አስተናጋጆቹን ሰብስበውም ጣሳ በእጅ መመዘን አስተማሯቸው። አንዲት ልጅ ደረቁንና የጠጣውን በሁለት እጇ ይዛ ስትመዝን ልዩነቱ ገርሟት ሳቀች። ያቺን ልጅ የአበቦቹ ኃላፊ አደረጓት።

ጥቅምት ሲገባ ዝናቡ አቆመ። እትዬ ለስድስቱ ብለው 12 ቁራጭ ቆረጡ። በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ደርቆ ነበር፤ በክረምት ከፈጀው በግማሽ ማለት ነው። ሁሉንም በፑሚስ ተከሉ። ከአራት ሳምንት በኋላ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «ልጄ፣ እስቲ ብቅ በል» አሉኝ። በዚህኛው ጊዜ ድምፃቸው ሌላ ነው። 12ቱም ታግለዋል።

የከሰሉ ጥግ አሁን አይጠረግም። ከጄዱ የረገፈ ቅጠል ሁሉ እዚያ ይጣላል።